ቴዎዶር ቢልሃርዝ፦ ወደ ጉበት በሚያመራ ደም ሥር የተገኘው ትልና የአግኚው ሕይወት

ቢልሃርዚያ የሚለው ቃል በአገራችን ከጤና ጣቢያ እስከ ትምህርት ቤት የታወቀ ነው። የሰው ስም መሆኑን የሚያስታውሱት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ በሕክምና ትምህርት ውስጥም ቢሆን ሰውየው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ ቦታ አያገኝም። ይህ አጭር ጽሑፍ የጀርመናዊውን ሐኪም የቴዎዶር ቢልሃርዝን ሕይወት ይተርካል። በተለይ የሚያተኩረውም በአስከሬን ላይ የታየ ነገር ሕያው በሽተኛን ለመመርመር እንዴት እንደዋለ፣ ቢልሃርዝም በዚህ መንገድ የት ድረስ ደርሶ የት ላይ እንደሳተ በማሳየት ላይ ነው። ዓመታቱ በሙሉ የተጻፉት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።

ቢልሃርዝ ማርች 23 ቀን 1825 በደቡብ ጀርመን በምትገኘው በሲግማሪንገን ተወለደ። በፍራይቡርግ ፍልስፍናን ቀስሞ ወደ ቱቢንገን በመሻገር ሕክምናን አጠና። ሁለት መምህራን ሕይወቱን ቀርጸውታል። አንደኛው የእንስሳት ሊቁ ካርል ቴዎዶር ፎን ዚቦልት ሲሆን፣ ትላትልን በማይክሮስኮፕ የማጥናት ፍቅርን ያሳደረበት እሱ ነው። ሁለተኛው ሐኪሙ ቪልሄልም ግሪዚንገር ነው። ግሪዚንገር በ1850 የግብፁ ገዢ የቀዳማዊ አባስ የግል ሐኪምና የአገሪቱ የሕክምና ጉዳዮች ኃላፊ ሆኖ በተሾመ ጊዜ፣ የሃያ አምስት ዓመቱን ቢልሃርዝን ረዳቱ አድርጎ ወደ ካይሮ ወሰደው።

በካይሮው የቀስር ኤል ዓይኒ ሆስፒታል የነበረው ሥራ ከሕያዋን ይልቅ ከሙታን ጋር የሚያውል ነበር። ደም መሽናት በአባይ ሸለቆ ገበሬዎች ዘንድ የተለመደ ሕመም እንደሆነ በናፖሊዮን ዘመን የዘመቱ የፈረንሳይ ጦር ሐኪሞችም ጽፈውታል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥና የሆድ መነፋትም እንዲሁ የዘወትር ነገር ነበር። ሆኖም እነዚህን ሕመሞች በአንድ መንስኤ የሚያያይዝ ማስረጃ አልነበረም።

በ1851 ቢልሃርዝ አስከሬን ሲመረምር ፖርታል ቬን በሚባለው፣ ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመጣውን ደም ወደ ጉበት በሚያደርሰው ደም ሥር ውስጥ፣ ነጫጭ ረዣዥም ትሎችን አገኘ። ግኝቱንም ሜይ 1 ቀን 1851 በጀመረው ደብዳቤ ለቀድሞ መምህሩ ለፎን ዚቦልት አሳወቀ። ትሉ ጠፍጣፋ ሆኖ የአካሉ ጠርዝና ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ ቦይ ይሠራል። ቢልሃርዝ ትሎቹን ደጋግሞ ሲመረምር በቦዩ ውስጥ ክር የመሰለ ቀጭን ነገር ተጋድሞ አየ፤ ያም ሴቲቱ ትል ነበረች። በዚያ ዘመን የሚታወቁት የዚህ ወገን ትሎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዴና ሴቴ ብልትን በአንድ አካል የያዙ ስለነበሩ፣ ጾታው የተለየና በደም ውስጥ ጥንድ ሆኖ የሚኖር ትል ለሥነ እንስሳ ሊቃውንት እንግዳ ነገር ሆነባቸው።

ለሕክምናው ግን ቁልፉ ትሉ ሳይሆን እንቁላሉ ነበር። ቢልሃርዝ በሽንት ፊኛና በአንጀት ስስ ሽፋን ውስጥ የተቀበሩ እንቁላሎችን አግኝቶ ደም መሽናትንና ደም ያለበትን ተቅማጥ ከትሉ ጋር አያያዘ። ግሪዚንገርም በ1854 ባወጣው ሥራ፣ ከተመረመሩት 363 አስከሬኖች ውስጥ በ117ቱ ትሉ መገኘቱን ገለጸ። ከሦስት አንድ ገደማ ማለት ነው፤ ስለ ብርቅ በሽታ መናገር ከዚያ በኋላ አልተቻለም።

ቢልሃርዝ የእንቁላሎቹ ቅርጽ ሁለት ዓይነት መሆኑንም አስተውሏል፤ አንዳንዱ እሾሁ ጫፉ ላይ፣ ሌላው ጎኑ ላይ ነው። ልዩነቱን አይቶ ሳለ ግን ሁለቱንም የአንድ ትል ዘር አድርጎ ቆጠራቸው። በእኔ አስተያየት ይህ የቸልተኝነት ስሕተት አይደለም። በአባይ ሸለቆ አንድ ሰው ሁለቱንም ተሸክሞ ሊሞት ይችላል፤ የአስከሬን ጠረጴዛም የሚያሳየው የብዙ ዓመት ልክፍትን ድምር እንጂ አመጣጡን አይደለም። የሚያስደንቀው የስሕተቱ ዕድሜ ነው። ፓትሪክ ማንሰን በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ ደም የማይሸናና በሰገራው ውስጥ ባለ ጎን እሾህ እንቁላል ብቻ የተገኘበትን በሽተኛ አይቶ ሁለት ዝርያ ሳይኖር አይቀርም አለ። በካይሮ የነበረው ታዋቂው አርተር ሎስ አጥብቆ ተቃወመ። ክርክሩ የተቋጨው በ1915 ሮበርት ሌፐር በግብፅ ባደረገው ጥናት ነው፤ ሁለቱ ዝርያዎች በተለያዩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ አድገው፣ በውሃ በኩል የሰውን ቆዳ ሰርስረው እንደሚገቡ አረጋገጠ።

ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ የቱን ናሙና መቼ እንደሚጠይቅ ለየ፤ ለፊኛው ሽንትን፣ ለአንጀቱና ለጉበቱ ሰገራን። በ1972 ካትዝና ባልደረቦቹ በብራዚል ባሻሻሉት፣ ካቶ ካትዝ በሚባለው ዘዴ፣ በ41.7 ሚሊግራም ሰገራ ውስጥ የተቆጠረው እንቁላል በ24 ተባዝቶ በአንድ ግራም ውስጥ ያለው ይሰላል። ዘዴው ቀላል ልክፍትን ሊስት ቢችልም በጣና ዙሪያም ሆነ በወንጂ ለሚሠራ ተመራማሪ ዛሬም የዕለት መሣሪያ ነው።

ጉበትን የሚጎዳው በሰገራ የሚወጣው ሳይሆን ሳይወጣ የቀረው እንቁላል ነው። ደም ጠርጎት ወደ ጉበት ይገባና በደቃቅ የፖርታል ቅርንጫፎች ውስጥ ይወተፋል፤ ሰውነት በዙሪያው የመከላከያ ሕዋሳትን ያከማቻል፣ በመጨረሻም ጠባሳ ይቀራል። በ1904 ሲመርስ በካይሮ እንደገለጸው፣ በተቆረጠ ጉበት ላይ ይህ ጠባሳ የሸክላ ፒፓ ዘንግ ይመስላል። የደሙ መተላለፊያ ሲጠብ ጣፊያ ያብጣል፣ በምግብ ቧንቧ ግርጌ ያሉት ደም ሥሮች ይወጠራሉ፣ በሽተኛውም በድንገት ደም ሊያስመልስ ይችላል። ከሲሮሲስ በተለየ መልኩ የጉበት ሕዋሳት ለረጅም ጊዜ ደኅና ሆነው ስለሚቆዩ፣ ለሞት የሚያሰጋ የደም መፍሰስ የደረሰበት ሰው የጉበት ደም ምርመራው ብዙም ላይዛባ ይችላል። ይህንን የማያውቅ ሐኪም በቀላሉ ይሳሳታል። ዛሬ ጠባሳውን በአልትራሳውንድ፣ የተወጠሩትን ደም ሥሮች በኢንዶስኮፒ ማየት ይቻላል፤ ቢልሃርዝ ግን የሚያየው ሰውየው ከሞተ በኋላ ብቻ ነበር።

የሕክምናው ታሪክም ቢሆን የቀና አልነበረም። ክሪስቶፈርሰን በ1918 በካርቱም የአንቲሞኒ መርፌን ፈዋሽነት አስታወቀ። ግብፅ ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ይህንኑ መድኃኒት በዘመቻ ለሕዝቧ ስትሰጥ፣ በሚገባ ሳይቀቀሉ ከሰው ወደ ሰው የዞሩት መርፌዎች የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስን በሰፊው አሠራጩ። ጉበትን ለማዳን የተወጋ ሰው ሌላ የጉበት በሽታ ይዞ ወጣ። በ1970ዎቹ በጀርመን የተገኘው በአፍ የሚወሰደው ፕራዚኳንቴል ነው መርፌውን ያስቀረው። ከቀንድ አውጣው ወገን ደግሞ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን አስተውለው ጥናታቸውን ጀመሩ።

ቢልሃርዝ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላየም፤ ትሉ ወደ ሰው የሚገባበትን መንገድም ሳያውቅ ነው የሞተው። ግሪዚንገር በ1852 ወደ አገሩ ሲመለስ እሱ ካይሮ ቀረ፤ በሕክምና ትምህርት ቤቱም የአናቶሚ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1857 ያሳተመው መጽሐፍ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጨው የአባይ አምባዛ እንጂ ስለ ትሉ አልነበረም። በ1858 ዋይንላንድ ትሉን ሺስቶሶማ፣ በቀጣዩ ዓመት ኮቦልድ ቢልሃርዚያ ብለው ሰየሙት። በሥነ እንስሳ ሕግ የቀደመው ስም ጸና፤ በሕዝብ አፍ ግን ሁለተኛው ቀረ።

በ1862 የሳክስ ኮቡርግ ጎታው መስፍን ዳግማዊ ኤርንስት፣ በዚያን ጊዜ በኦቶማን ቱርኮች ሥር ወደነበረችው ወደ ምጽዋ ሲጓዝ ቢልሃርዝ አብሮ ሄደ። በዚሁ ጉዞ ታይፈስ ያዘው፤ ወደ ካይሮ ተመልሶም ሜይ 9 ቀን በሠላሳ ሰባት ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው እዚያው ካይሮ ነው። ከአባይ ማዶ በጊዛ፣ በስሙ የተሰየመው የምርምር ተቋም ዛሬም የጉበትና የአንጀት ሕሙማንን ይቀበላል።