ዶክተር አክሊሉ ለማና የአድዋ አጣቢዎች

የአትክልት ገበያው ከአራዳ ከመነሣቱ በፊት፣ አትክልት ተራ አጠገብ ባደግሁበት ግቢ አያቴ ነጠላቸውን የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። አረፋው በቦዩ ሲወርድ ከየት ወዴት እንደሚደርስ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። ዶክተር አክሊሉ ለማን ያስጠራቸው ይህንኑ አረፋ መከተላቸው ነው።

በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ወጣት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1964 ብልሃርዝያን ለማጥናት አድዋ ሄዱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የበሽታው ትል ወደ ሰው ከመሻገሩ በፊት የሚራባው በቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ነውና ነገሩን ችላ አላሉትም። ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷ አረፋውን እንድትጨምርባቸው ለመኑ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ።

እ.ኤ.አ. በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። በአድዋ ለአምስት ዓመታት በተካሄደው ሙከራ፣ ከስድስት ዓመት በማይበልጡ ሕፃናት ላይ የበሽታው መጠን ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ገዳዩ ሳፖኒን በስማቸው ለማቶክሲን ተብሏል። ጠባዩን ለመረዳት ከባሕር ዛጎሎች ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። እነዚህ ውሃ እያጣሩ ሲመገቡ የመርዛማ አልጌን መርዝ በሥጋቸው ያከማቻሉ፤ ራሳቸው ብዙም ሳይጎዱ የሚበላቸውን ሰው ሊገድሉ ይችላሉ። መርዙን አስወግደው እስኪጠሩም ቀናት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅባቸዋል። የእንዶድ መርዝ ግን ቀንድ አውጣውን ከገደለ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ውሃ ውስጥ ይፈራርሳል። ዓሣንም የሚጎዳ መሆኑ ግን አይካድም።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት በውጭ አገር እስኪታመን ድረስ ረጅም ዓመታት አለፉ፤ የደኅንነት ምርመራው እንደገና እንዲሠራ ተጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1989 እሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ።

ቀጥሎ የመጣው የእኛን የመሐንዲሶችን ሙያ ይነካል። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የተስፋፋው ዜብራ የተባለ ትንሽ ዛጎል የውሃ መሳቢያ ቧንቧዎችን ይደፍን ነበር። በኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ከዶክተር አክሊሉ ጋር ሆኖ እንዶድ ይህንንም እንደሚገድል አረጋገጠ፤ የፈጠራ ባለቤትነቱም በዩኒቨርሲቲው ስም ተመዘገበ። የአድዋ አጣቢዎች በዚያ ሰነድ ድርሻ አልነበራቸውም፤ እኔ ይህን ፍትሐዊ ነው ለማለት ይከብደኛል።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 አረፉ። የመሠረቱት ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።