አይጦች የመሰከሩለት ሳይንቲስት

አሊክ አይዛክስ እ.ኤ.አ. በ1921 በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ ተወለደ። ሕክምና ካጠና በኋላ ስለ ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ መመራመር ያዘ። በ1957 ከስዊዘርላንዳዊው ዣን ሊንደንማን ጋር አንድ ነገር አገኘ፦ በሙቀት የሞተ ቫይረስ የነካቸው የዶሮ ፅንስ ሴሎች ሌላ ቫይረስ እንዳይራባ የሚከለክል ንጥረ ነገር ያመነጫሉ። ስሙንም ኢንተርፌሮን አሉት።

ታዲያ ንጥረ ነገሩ በጣም ጥቂት ስለነበረ አጣርቶ ማሳየት አልተቻለም። ብዙዎች ተጠራጠሩ፤ አንዳንዶቹማ ቀለዱበት። አይዛክስም በ1967 ገና በ45 ዓመቱ አረፈ።

በ1976 እነ አዮን ግሬሰር በቫይረስ የተያዙ አይጦችን ኢንተርፌሮን በአንቲቦዲ አከሸፉት። በሽታው ባሰ፤ አይጦቹም ቶሎ ሞቱ። ለካ የተጠቃው ሴል ኢንተርፌሮን እየረጨ ጎረቤቶቹን ያስጠነቅቅ ኖሯል! ምስክርነቱ መጣ፤ ባለቤቱ ግን ካለፈ 9 ዓመት ሆኖት ነበር።