ሉዊስ ብሬል

የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በዚህች ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ ከሚያስተምራቸው የሙያ መስኮች አንዱ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ነው። ለዚህ ሙያ የሚሠለጥን መምህር አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ዓይነ ስውር ተማሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲገባ ትምህርቱ ይቀነስለት? ወይስ ትምህርቱ ሳይቀነስ የሚማርበት መንገድ ይለወጥለት? ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት የተወለደው ፈረንሳዊ ሉዊስ ብሬል ለዚህ ጥያቄ በሕይወቱ መልስ ሰጥቶ አልፏል። የሕይወት ታሪኩ የሚከተለው ሲሆን፣ ዘመናቱ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሉዊስ ብሬል ከፓሪስ በስተምሥራቅ በምትገኘው ኩቭሬ በምትባል መንደር፣ ጥር 4 ቀን 1809 ተወለደ። ለወላጆቹ አራተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። አባቱ ኮርቻና የፈረስ ዕቃ ሠሪ ስለ ነበረ ልጁ ከአባቱ የሥራ ቦታ አይጠፋም ነበር። የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ አንድ ቀን ወስፌ አንሥቶ ቆዳ ለመብሳት ሲታገል ወስፌው አዳልጦ ዓይኑን ወጋው። የዚያ ዘመን ሕክምና ቁስሉን ሊያድን አልቻለም። ሕመሙ ወደ ሁለተኛው ዓይን ተዛመተና አምስት ዓመት ሲሆነው የሁለቱም ዓይኖቹ ብርሃን ፈጽሞ ጠፋ።

በዚያን ጊዜ የብዙ ዓይነ ስውራን ዕድል ልመና ነበር። የሉዊስ ወላጆች ግን ልጃቸውን ለዚህ ዕድል አሳልፈው አልሰጡትም። አባቱ መንገዱን የሚመራበት በትር ሠራለት፤ በእንጨት ላይም ምስማሮችን በፊደል ቅርጽ እየመታ የፊደላትን መልክ በጣቱ እንዲዳስስ አደረገ። የመንደሩ ቄስና መምህር ከሌሎቹ ልጆች ጋር ተቀምጦ እንዲማር ፈቀዱለት። ሉዊስ የሰማውን ስለማይረሳ ብዙዎቹን ጓደኞቹን በለጠ። ነገር ግን ጓደኞቹ መጽሐፍ ሲገልጡ እሱ እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ በቀር ምንም ማድረግ አይችልም ነበር።

በ1819፣ በዐሥር ዓመቱ፣ ፓሪስ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባ። ይህን ትምህርት ቤት ያቋቋመው ቫለንቲን አዊ የተባለ በጎ አድራጊ ሲሆን፣ ተማሪዎቹ የሚያነቡት በወረቀት ላይ አብጠው የታተሙ ታላላቅ ፊደላትን በጣት እየዳሰሱ ነበር። ዘዴው በጎ ዓላማ ቢኖረውም ጉድለቱ ብዙ ነበር። መጻሕፍቱ እጅግ ከባድና ጥቂት ነበሩ። አንባቢው እያንዳንዱን ፊደል ዙሪያውን መዳሰስ ስላለበት የዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ይረሳዋል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ተማሪው በዚህ ዘዴ እንደ ልቡ መጻፍ አለመቻሉ ነው። ፊደሉ የተፈጠረው ለዓይን እንጂ ለጣት አልነበረምና።

በ1821 ሻርል ባርቢዬ የተባለ የቀድሞ የጦር መኮንን በጨለማ በጣት የሚነበብ የነጥብ ጽሕፈት ለትምህርት ቤቱ አቀረበ። ነጥብ ከመስመር ይልቅ ለጣት ግልጽ ስለሆነ ተማሪዎቹ ወደዱት። ይሁን እንጂ አንዱ ምልክት እስከ ዐሥራ ሁለት ነጥቦች ስለሚይዝ በአንድ ዳሰሳ አይጨበጥም ነበር። ከዚህም በላይ ጽሕፈቱ የሚያመለክተው የድምፅን አወጣጥ ብቻ በመሆኑ ለትክክለኛ ፊደላት አጣጣል፣ ለሥርዓተ ነጥብና ለሒሳብ ቦታ አልነበረውም።

ሉዊስ ጉድለቱን ለማቃናት ቆርጦ ተነሣ። ቀን ትምህርቱን እየተማረ ሌሊትና በዕረፍት ጊዜ ወረቀት ሲበሳ ያመሽ ነበር። ወረቀቱን የሚበሳበት መሣሪያ ዓይኑን ካጠፋው ወስፌ ጋር የሚመሳሰል ሹል ብረት ነበር። በ1824 ገና የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ ሥራው መልክ ያዘ። ዐሥራ ሁለቱን ነጥቦች ወደ ስድስት አወረዳቸው፤ በሁለት ረድፍ ሦስት ሦስት አድርጎ ደረደራቸው። ስድስቱ ነጥቦች አንድ የጣት ጫፍ ብቻ ይሞላሉ፤ አቀማመጣቸው ሲለዋወጥ ግን 63 ልዩ ልዩ ምልክቶች ይወጣሉ። በእነዚህ ምልክቶች ፊደልን፣ ሥርዓተ ነጥብን፣ ቁጥርንና የሙዚቃ ኖታን መጻፍ ተቻለ። ዘዴውን የሚገልጸው መጽሐፍ በ1829 ታተመ።

ሉዊስ በተማረበት ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ታሪክን፣ ጂኦሜትሪንና አልጀብራን አስተማረ። በፓሪስ አብያተ ክርስቲያናትም ኦርጋን ይጫወት ነበር። ሆኖም ጽሕፈቱ ወዲያው ተቀባይነት አላገኘም። ዓይናሞች መምህራን ማንበብ የማይችሉት ፊደል ዓይነ ስውራንን ከኅብረተሰቡ ይለያል የሚል ተቃውሞ ተነሣበት። በ1840 የትምህርት ቤቱ አስተዳዳሪ ሲለወጥ ጽሕፈቱ ታገደ። ተማሪዎቹ ግን ጥቅሙን በጣታቸው ያውቁት ስለ ነበር በድብቅ መጻፋቸውንና እርስ በርስ መማማራቸውን አልተዉም። በ1844 አዲሱ የትምህርት ቤት ሕንፃ ሲመረቅ ዘዴው በሕዝብ ፊት ታየ። አንድ ተማሪ የተነገረውን ጻፈ፤ ንግግሩን ያልሰማ ሌላ ተማሪ መጥቶ ጽሑፉን እየዳሰሰ አነበበው። ከዚያ በኋላ እገዳው ተነሣ።

ሉዊስ ብሬል ለብዙ ዓመታት በሳንባ ነቀርሳ ሲሠቃይ ቆይቶ ጥር 6 ቀን 1852 በአርባ ሦስት ዓመቱ ዐረፈ። ፈረንሳይ ጽሕፈቱን በይፋ የተቀበለችው እሱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ1878 በፓሪስ የተሰበሰበ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ደግፎት በብዙ አገሮች ተስፋፋ። በሞተ በመቶኛው ዓመት፣ በ1952፣ አፅሙ የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች ወደሚያርፉበት ፓንቴዮን ተዛወረ።

በአገራችን ዓይነ ስውራን ከጥንት ጀምሮ በቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች በቃል እየተማሩ በቅኔና በዜማ ሊቃውንት ለመሆን በቅተዋል። የብሬል ትምህርት የተጀመረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1917 ገደማ፣ በደምቢ ዶሎ ሚሲዮናውያን ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ነው። በኋላም በሰበታ መርሐ ዕውራንና በሌሎችም ስፍራዎች ተስፋፋ። በአማርኛ ብሬል ተናባቢውና አናባቢው በየራሳቸው የነጥብ ምልክት ይጻፋሉ።

ይሁን እንጂ ፊደሉ መገኘቱ ብቻውን ትምህርቱን ሙሉ አያደርገውም። በአገራችን ብዙ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ለረጅም ጊዜ ከሒሳብና ከተፈጥሮ ሳይንስ ርቀው ኖረዋል። ምክንያቱ የአእምሮ ማነስ ሳይሆን፣ ሥዕሉና ቀመሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለሚያዩ ብቻ ስለሚጻፍ ነው። አልጀብራና ጂኦሜትሪ ያስተምር የነበረው ዓይነ ስውሩ ሉዊስ ብሬል ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። የጌዴኦን ተራራማ መልክዐ ምድር የሚያስተምር መምህር ከጭቃ ወይም ከወፍራም ወረቀት ጎላ ያለ ካርታ ሠርቶ ቢያቀርብ፣ ተማሪው ደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆ እንዴት እንደሚወርድ በእጁ ይረዳል። የዕፀዋት ትምህርት የሚሰጥ መምህርም የእንሰትን ቅጠልና የቡናን ፍሬ አስይዞ ቢያስረዳ ትምህርቱ አይጎድልም። በቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች ላይ ያሉት ቅርጾችም በጣት ይዳሰሳሉ። ሥርዓተ ትምህርት የሚያዘጋጅ ሰው እነዚህን መሣሪያዎች፣ የብሬሉን መጽሐፍና በቂ የፈተና ጊዜ አስቀድሞ ማቀድ አለበት። ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ የሚመጣ መጽሐፍ ተማሪውን እጁን አጣጥፎ እንደ ተቀመጠው የኩቭሬ ሕፃን ያደርገዋልና።

ባርቢዬ ነጥብን ቢያስገኝም ለጣት የተስማማውን ልክ ያገኘው በጣቱ የሚያነበው ልጅ ነው። ስለዚህ ለልዩ ፍላጎት ተማሪዎች ትምህርት የሚያቅድ ሁሉ አስቀድሞ ተማሪዎቹን መጠየቅ ይገባዋል።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ቃላት ፍች ከምንባቡ አሳብ ተነሥታችሁ ጻፉ፤ ዐረፍተ ነገርም ሥሩባቸው።
ወስፌ፣ ተዛመተ፣ ዳሰሳ፣ ማቃናት፣ እገዳ

ለ. ጥያቄዎች
1. አብጠው የታተሙት ፊደላት ለዓይነ ስውራን ያልተስማሙት ለምንድን ነው?
2. ሉዊስ ብሬል የባርቢዬን ዘዴ ያሻሻለው በምን በምን ነው?
3. ጽሕፈቱ በታገደ ጊዜ ሳይጠፋ የቀረው እንዴት ነው?

ሐ. በሚከተለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና ማሰሪያ አንቀጹን ለዩ።
ሉዊስ ዐሥራ ሁለቱን ነጥቦች ወደ ስድስት አወረዳቸው።

መ. ድርሰት
በክፍላችሁ አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ አለ እንበል። ከምትማሯቸው ትምህርቶች አንዱን መርጣችሁ፣ ይዘቱ ሳይቀነስ ለእሱ እንዲስማማ እንዴት ሊሰጥ እንደሚችል በሦስት አንቀጽ ጻፉ።