የጫማ ሰፊው ልጅና የዲያብሎስ ውል

ክሪስቶፈር ማርሎው እ.ኤ.አ. በ1564 በእንግሊዝ አገር፣ በካንተርበሪ ከተማ፣ ከአንድ ጫማ ሰፊ ተወለደ። ወቅቱ አሮጌው ፊውዳላዊ ሥርዓት የሚፈራርስበት፣ አዲሱ የከበርቴ መደብ የሚያቆጠቁጥበት ዘመን ነበር። የእጅ ባለሙያው ልጅ በነፃ ትምህርት ዕድል እስከ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ዘለቀ። ዕድሉ ለቅስና ለሚታጩ ተማሪዎች የታሰበ ነበር፤ እርሱ ግን ካህን አልሆነም። ርስትና ወገን ለሌለው ምሁር ደግሞ ዲግሪ ብቻውን እንጀራ አይሆንም ነበር።

በ1587 ዩኒቨርሲቲው ሁለተኛ ዲግሪውን ለመስጠት ሲያመነታ፣ የንግሥት ኤልሳቤጥ የአማካሪዎች ሸንጎ ማርሎው ለመንግሥት መልካም አገልግሎት መስጠቱን በደብዳቤ አስታውቆ ዲግሪውን አሰጠው። የአገልግሎቱ ዓይነት በደብዳቤው አልተገለጸም፤ ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን የስለላ ሥራ እንደነበር ይገምታሉ።

«ዶክተር ፋውስተስ» የተሰኘው ተውኔቱ የተመሠረተው በዚያው በ1587 በጀርመን በታተመ የአንድ አስማተኛ ታሪክ ላይ ነው። ከተራ ቤተሰብ የተወለደው የዊተንበርግ ሊቅ ፋውስተስ ለ24 ዓመታት ሥልጣን ሲል ነፍሱን በደሙ ፈርሞ ለዲያብሎስ ይሸጣል። ሲነሣ ዓላማው ታላቅ ነው፤ ጀርመንን በናስ ግንብ ሊያጥር፣ የተማሪ ቤቶችን በሐር ሊሞላ፣ ባዕድ ገዥን ከአገሩ ሊያባርር ያልማል። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ግን ሥራው ንጉሠ ነገሥቱን በምትሐት ማዝናናትና ለአንዲት መስፍን ሚስት ያለ ወራቱ የወይን ፍሬ ማቅረብ ሆኖ ቀረ። ተማሪዎቹም ሐር አልለበሱም። ልብ ሊባል የሚገባው፣ የዲያብሎስ መልእክተኛ የሲኦልን መከራ አስቀድሞ አልሸሸገውም፤ ምሁሩ ግን መስማት አልፈለገም።

ዘውዱን ያገለገለው ማርሎውም ከዘውዱ ጥርጣሬ አልዳነም። በሜይ 1593 ጓደኛው ቶማስ ኪድ ታስሮ በሥቃይ ሲመረመር፣ የተያዘበት የክህደት ጽሑፍ የማርሎው ነው አለ። ማርሎው በሸንጎው ተጠራ። ሜይ 30 ቀን ደግሞ በዴፕትፎርድ ከሦስት ሰዎች ጋር በዋለበት ቤት በጩቤ ተወግቶ በ29 ዓመቱ ሞተ። ከሦስቱ አንዱ የመንግሥት ሰላይ ነበር። በ1925 የተገኘው የምርመራ ሰነድ የጠቡን መንስኤ የምግብና የመጠጥ ሂሳብ ያደርገዋል። ገዳዩ ወር ሳይሞላው በንግሥቲቱ ምሕረት ነፃ ወጣ፤ ሟቹ ምልክት በሌለው መቃብር ተቀበረ።

እንግዲህ ተውኔቱ የአስማት ተረት ብቻ አይደለም። ለብዙኃኑ ጥቅም ይውላል የተባለ ዕውቀት የባለሥልጣን ማዕድ ማድመቂያ ሲሆን ያሳያል። ሠርቶ አደሩ ተመልካችም ከመድረኩ ፊት ሆኖ ሁለት ነገሮችን ማመዛዘን ይገባዋል፤ ሲፈረም ምን ተስፋ እንደተሰጠ፣ ሲከፈል ምን እንደተገኘ።