የመቅደላው ሕፃን

ከሸጎሌ ተነሥቶ የእንጦጦን ግርጌ ይዞ በስተምሥራቅ ወደ ስድስት ኪሎ የሚሄድ ሰው አንድ የቆየ የትምህርት ግቢ ያገኛል። ዛሬ እንጦጦ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ይባላል፤ ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. ሲመረቅ ግን ስሙ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ነበር። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ይህን ቤት አሠርተው በበላይ ተቆጣጣሪነት የሾሟቸው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ነው። ብዙ ሰው እኒህን አዛውንት በሐኪምነታቸው ያውቃቸዋል። ለዛሬው ጽሑፋችን ግን የሚያስፈልገን ሌላው ወገናቸው ነው፤ ልጆችን ሰው ለማድረግ የደከሙበት ማለት ነው።

ወርቅነህ የተወለዱት በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ስትያዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ፣ የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን ከወላጆቹ ተለይቶ በግርግሩ መካከል ተገኘ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ መኰንን አንሥቶ ወደ ሕንድ ወሰደው። እሱ ሲሞት ደግሞ ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኰንን የትምህርቱን ወጪ ቻለለት፤ ልጁም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ስሙም ቋንቋውም ተለወጠ። በሚስዮን ትምህርት ቤት አድጎ ላሆር ላይ ሕክምና አጠና፤ ኋላም በስኮትላንድ ትምህርቱን አስፋፍቶ በበርማ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆነ።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እለምናለሁ። ይህ ልጅ እናት አልነበረውም፣ አባት አልነበረውም፣ አገሩም በወሬ ብቻ የሚታወቅ ነበር። ሰው ያደረገው የትምህርት ቤት ደወልና የሁለት እንግዳ ሰዎች ኪስ ነው። እነዚያ ሰዎች አገሩን ሊወጋ ከመጣው ጦር ጋራ የመጡ መሆናቸው ነገሩን መራራ ያደርገዋል፤ ውለታውን ግን አያጠፋውም።

የዓድዋ ድል ዜና በዓለም ከተሰማ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሐኪሙ ወደ አዲስ አበባ መጡ። ድንኳን ተክለው በሽተኛ ሲያክሙ፣ ወሬው የደረሳቸው አሮጊት አያታቸው መጥተው በሰውነታቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለዩዋቸው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ወርቅነህ የሚለው ስም ተመለሰ። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ፤ በበርማና በኢትዮጵያ መካከል ሲመላለሱ ቆይተውም በ1911 ዓ.ም. ገደማ ጠቅልለው ገቡ።

ከዚያ በኋላ ያልያዙት ሥራ የለም ማለት ይቻላል። የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ በሚታይበት ልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ፣ በአማርኛ የዓለም ጂኦግራፊ ጻፉ፣ ስለ ጣና ግድብ ለመነጋገር እስከ አሜሪካ ተላኩ፣ የጨርጨር ገዢ ሆነው አሰበ ተፈሪን አሳመሩ። ይህን ሁሉ በዝርዝር ብናወራ ገጹ አይበቃንም።

ከሁሉ የበለጠ የሚያስደንቀኝ ግን ስሙ ብዙ የማይነሣው ሥራቸው ነው። የባሪያ ንግድን የሚከለክለውና ባሮች ነፃ የሚወጡበትን መንገድ የሚወስነው ሕግ በ1916 ዓ.ም. ታወጀ። ሕግ ደግሞ ወረቀት ነው፤ አያበላም፣ አያለብስም። ነፃ የወጣ ሕፃን የተወለደበትን መንደር አያውቅ፣ ዘመዱን አያውቅ፣ በሩን ከፍተው ሂድ ቢሉት የሚሄድበት የለው። ከመቅደላ የተወሰደው ሕፃን ይህን ከማንም ይልቅ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ሐኪም ወርቅነህ ከጠላት ወረራ በፊት ፍቅርና አገልግሎት የተባለ ማኅበር አቋቁመው ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ልጆቹ ፊደል ብቻ ሳይሆን የእጅ ሥራም ይማሩ ነበር፤ ራሱን የሚችል ሰው ተመልሶ የሌላ ሰው ንብረት አይሆንምና።

የማኅበሩን ስም እንመልከተው። ፍቅር ይቀድማል፣ አገልግሎት ይከተላል። እኛ ብዙውን ጊዜ የምናደርገው ተገላቢጦሹን ነው። ልጁን ታዘዝ፣ ተላላክ፣ ተነሥ እንለዋለን፤ ካገለገለ በኋላ ደግሞ ደስ ካለን እንወደዋለን። እንዲህ ያደገ ልጅ ዱላ እስካለ ይታዘዛል፤ ዱላው ሲነሣ ግን ምን እንደሚሆን በየመሥሪያ ቤታችን የተቀመጥን ወጣቶች እናውቀዋለን። ደግሞስ የትምህርት ቤቱ ደወል ከተደወለ በኋላ የሸጎሌ ልጅ ከማን ጋራ ይውላል? ኳሱን የሚያቀብለው፣ እንጨት መላግ የሚያሳየው፣ ሲያጠፋ በስሙ ጠርቶ የሚገሥጸው የሠፈር ሰው አለው ወይ? ይህ ለትምህርት ሚኒስቴር ብቻ የሚተው ጥያቄ አይመስለኝም።

ጣሊያን ሲወረን ሐኪም ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ መንግሥት ሚኒስትር ነበሩ። በእንግሊዝ አገር የተማሩት ሁለቱ ልጆቻቸው፣ ቢንያምና ዮሴፍ፣ ተመቻችተው እዚያው ሊቀመጡ ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ወደ አገራቸው ተመልሰው ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋራ ተሰለፉ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጠላት የተማረውን ወጣት እያደነ ሲፈጅ ሁለቱም ተገደሉ። አባት ልጆቹን በቃል ብቻ እንዳላስተማረ ከዚህ ይታያል፤ ዋጋውን ግን የትኛውም አባት ሊከፍለው የሚመኘው አይደለም።

አዛውንቱ ሐኪም በሕንድ በስደት ቆይተው ከነፃነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም በካናዳውያን ኢየሱሳውያን አስተዳደር እንደገና በተማሪ ሞላ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ዕድሜያቸው ወደ 90 ተጠግቶ በመስከረም 1945 ዓ.ም. ዐረፉ።