ከክፍለ ሀገር መድረክ እስከ ፒተርስበርግ፦ የተዋናዩ አይራ አልድሪጅ ሕይወት

ሰሞኑን በመኝታ ክፍልም ሆነ በምግብ አዳራሽ ወሬያችን ሁሉ ስለ ምደባ ነው። ማን ከተማ ይደርሰው ይሆን፣ ማንስ መኪና ወደማይገባበት ይሄድ ይሆን እየተባባልን ነው የምንውለው። እኛም ይህን ስንሰማ ሰንብተን ለዛሬው ዓምዳችን የአንድ ተዋናይ ሕይወት መረጥን። ተዋናይንና ምደባን ምን አገናኛቸው የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ይከተለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አይራ አልድሪጅ በ1807 በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ጥቁሮች ናቸው፤ ባሮች ግን አልነበሩም። ይሁን እንጂ በዚያው ከተማ ባርነት ጨርሶ የቀረው በ1827 ስለሆነ፣ ልጁ ያደገው እንደሱ ያለው ሰው ሲሸጥና ሲለወጥ እያየ ነው። አባቱ ገለባ እየሸጠ የሚተዳደር፣ በቤተ ክርስቲያንም የሚሰብክ ሰው ነበር፤ ልጁም ሰባኪ እንዲሆንለት ይመኝ ነበር። አይራ የተማረው የባርነት ተቃዋሚዎች በ1787 ለጥቁር ልጆች ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ነው። እንግዲህ ይህን ልብ እንበል፤ ማንበብና መጻፍ ያስቆጠሩት፣ ቋንቋ ያስተማሩት መምህራን ባይኖሩ ኖሮ ስለሱ ዛሬ የምንጽፈው ነገር አይኖርም ነበር።

በ1821 ዊሊያም ብራውን የተባለ ጥቁር በኒውዮርክ የጥቁሮች ትያትር ቤት ከፈተ። የሼክስፒር ድርሰቶች እዚያ በጥቁር ተዋንያን ይታዩ ጀመር። ጥቁር እንዴት ንጉሥ ሆኖ መድረክ ላይ ይወጣል ያሉ ረባሾች ግን ፋታ አልሰጧቸውም፤ ፖሊስም ቢሆን ረባሾቹን ትቶ ተዋንያኑን እስከ ማሰር ደረሰ። ትያትር ቤቱ ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። የትያትር ፍቅር ያደረበት ወጣት አይራ በአገሩ ተስፋ እንደሌለው ስላወቀ፣ በ1824 ገና በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ በመርከብ ላይ እያገለገለ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ።

በ1825 በሎንዶን መድረክ ወጣ። ሕዝቡ አጨበጨበለት። ታይምስ የተባለው ጋዜጣ ግን የከንፈሩ ቅርጽ እንግሊዝኛን አጥርቶ ለመናገር አያስችለውም ብሎ ጻፈበት። ወይ ጉድ! የሰውየውን ንግግር ትተው ከንፈሩን መዘኑት። ትልልቆቹ ትያትር ቤቶች አንቀበልህም ሲሉት ጊዜ ታዲያ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ክፍለ ሀገር ወረደ።

አይራ እውነተኛ ትምህርቱን ያገኘው እዚህ ላይ ነው። ከማንቸስተር ቤልፋስት፣ ከቤልፋስት ደብሊን እያለ በየከተማው ዞረ። ኦቴሎን ሆኖ ተመልካቹን ካስለቀሰ በኋላ፣ በዚያው ምሽት ሙንጎ የሚባለውን አስቂኝ አገልጋይ ሆኖ ያስቀው ነበር። ቆይቶም ፊቱን ነጭ እየተቀባ ንጉሥ ሊርንና ሻይሎክን ተጫወተ። በአንድ ከተማ የሚያሳየውን ሲጨርስ በመጨረሻው ምሽት ወደ ሕዝቡ ዞሮ ስለ ባርነት ክፋት በራሱ አንደበት ይናገር ነበር። በ1828፣ በሃያ ዓመቱ፣ የኮቨንትሪ ከተማ ትያትር ቤት ሥራ አስኪያጅ ሆነ። በኛ ዕድሜ ማለት ነው!

ጉድለቱንም አንሸሽግም። በማስታወቂያዎቹ ላይ የሴኔጋል መሳፍንት ዘር ነው ይባል ነበር፤ እውነቱ ግን የኒውዮርክ ገለባ ሻጭ ልጅ ነው። ዝና ለማግኘት ብሎ ይህን ውሸት ተሸክሞ ኖሯል። እኛ ግን የሚያኮራው የገለባ ሻጩ ልጅነቱ ነው እንላለን።

በመጋቢት ወር 1833 የዘመኑ ታላቅ ተዋናይ ኤድመንድ ኪን፣ ሎንዶን በሚገኘው በኮቨንት ጋርደን ትያትር ቤት ኦቴሎን ሲጫወት ሕመም ጣለው። በቦታው እንዲጫወት የተጠራው አይራ ነበር። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱትን ኦቴሎን የምናውቅ ሰዎች፣ የድርሰቱ ዋና ሰው ጥቁር የጦር አለቃ መሆኑን አንዘነጋም። ሆኖም በዚያ ታላቅ መድረክ ላይ እውነተኛ ጥቁር ሰው ኦቴሎን ሆኖ መታየቱ ለብዙ ጋዜጠኞች የማይዋጥ ነገር ሆነባቸው። ያን ጊዜ በእንግሊዝ ፓርላማ የባርነት ጉዳይ ጦፎ የሚያከራክርበት ወቅት ነበር። ተመልካቹ ቢያጨበጭብም አይራ ከሁለት ምሽት በላይ አልተጫወተም። ባርነትን የሚሽረው ሕግ የወጣው ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው ዓመት ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ሙያውን ይጥል ነበር። እሱ ግን ወደ ክፍለ ሀገር ተመልሶ ወደ ሃያ ዓመት ያህል ሠራ። በ1852 ባሕር ተሻግሮ ወደ ዋናው ኤውሮፓ ሲሄድ ያ ሁሉ ድካም ፍሬ አፈራ። እሱ በእንግሊዝኛ፣ ሌሎቹ ተዋንያን በጀርመንኛ እየተናገሩ አብረው ይጫወቱ ነበር፤ ሕዝቡም ቋንቋው ሳይገባው ያለቅስ ነበር። የፕሩሲያ ንጉሥ የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። በ1858 በሩሲያ፣ በፒተርስበርግ ከተማ ሲጫወት ከዩክሬናዊው ባለቅኔና ሠዓሊ ከታራስ ሼቭቼንኮ ጋር ተዋወቀ። ሼቭቼንኮ ገባር ሆኖ ተወልዶ ነፃነቱ በገንዘብ የተገዛለት፣ በኋላም አሥር ዓመት በግዞት የማቀቀ ሰው ነው። ሁለቱ የጋራ ቋንቋ ስላልነበራቸው የአንድ ባለሥልጣን ሴት ልጆች ያስተረጉሙላቸው ነበር። ሼቭቼንኮ የሣለው የአይራ ምስል እስከ ዛሬ አለ።

አይራ አልድሪጅ በ1867፣ በስድሳ ዓመቱ፣ ለሥራ በሄደበት በፖላንድ፣ ሎድዝ በምትባል ከተማ ሞተ። የተቀበረውም እዚያው ነው። የትውልድ አገሩን መድረክ ዳግመኛ ሳይረግጥ ቀረ፤ ይህ ሕይወቱን ለሚያነብ ሁሉ የሚቆጭ ነገር ነው።

ለኛ ለእጩ መምህራን ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። አይራ ሲሞት ሴት ልጁ አማንዳ ገና የአንድ ዓመት ሕፃን ነበረች። አድጋ በሎንዶን የድምፅ አስተማሪ ሆነች። ካስተማረቻቸው መካከል አንዱ ጥቁሩ አሜሪካዊ ፖል ሮብሰን ነው። ሮብሰን በ1930 በሎንዶን መድረክ ኦቴሎን ሆኖ ወጣ። አባትየው በኮቨንት ጋርደን ኦቴሎን ከተጫወተ ከ97 ዓመት በኋላ፣ የልጁ ተማሪ በዚያው በሎንዶን ኦቴሎን ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ የምደባው ወረቀት ሲለጠፍ ሩቅ ቦታ የደረሰን ልናዝን እንችላለን፤ ማዘንም ሰውኛ ነው። ነገር ግን አይራ በትንሽ ከተማ፣ በሻማ ብርሃን ለጥቂት ሰው ሲጫወት፣ ለትልቁ መድረክ ያልሰጠውን ትንሽ ሥራ አልሠራም። እኛም ከሰሌዳው ፊት ስንቆም፣ የተማሪው ቁጥር ቢያንስ፣ መንገዱ ቢርቅ፣ የምናስተምረው ትምህርት አይነስ። መልካም ምደባ!