ሠላሳ ሁለት ዓመት የቆየ ጥምቀት

ቅዱስ አውግስጢኖስ የተወለደው በ354 (እ.ኤ.አ.) በሰሜን አፍሪካ፣ ታጋስቴ በምትባል ከተማ ነው። እናቱ ቅድስት ሞኒካ ብትሆንም በሕፃንነቱ አልተጠመቀም፤ በመስቀል ምልክት ታትሞ፣ ጨው ቀምሶ ከንኡሰ ክርስቲያን ተቆጠረ እንጂ። (በግዕዝ ቅዳሴያችን ዲያቆኑ የሚያሰናብታቸው እነዚህን ነው።) ልጅ ሳለ በጠና ታሞ ጥምቀትን ለመነ። ሲሻለው ግን ነገሩ ተላለፈ፤ ከጥምቀት በኋላ የሚሠራ ኃጢአት ይከብዳል ተብሎ ይፈራ ነበርና። ይህ ፍርሃት ለእኔ አይዋጥልኝም፤ እርሱም ኋላ በኑዛዜ መጽሐፉ ነቅፎታል።

በ387 ዐቢይ ጾም ሚላኖ ላይ ስሙን አስመዘገበ። የታወቀ የንግግር መምህር የነበረው ሰው ከሌሎቹ ተመዝጋቢዎች ጋር እንደ ተማሪ ተቀመጠ። በትንሣኤ ሌሊትም ጳጳሱ ቅዱስ አምብሮስዮስ ከልጁ ከአዴዎዳቱስና ከወዳጁ ከአሊፒዮስ ጋር አጠመቀው። የባለ ስምንት ማዕዘኑ ማጥመቂያ ፍርስራሽ በሚላኖ ካቴድራል ሥር ዛሬም ይታያል። በዚያ የተጠማቂዎች እግር ይታጠብ ነበር፤ የሮም ሥርዓት ግን ይህ አልነበረውም።

ወደ አፍሪካ ተመልሶ የሂፖ ጳጳስ ሆነ። ደዎግራትያስ የሚባል የካርታጎ ዲያቆን አዲስ መጪዎችን ማስተማር አሰልችቶት ምክር ቢጠይቀው፣ በ400 ገደማ አንድ መጽሐፍ ጻፈለት። በደስታ እንዲያስተምር፣ የተማረውንም ያልተማረውንም እንደየአቅሙ እንዲይዝ፣ ቆሞ የሚሰማው ሲደክም መቀመጫ እንዲሰጠው ሳይቀር መከረው። ከመጽሐፉ ሁሉ እኔ የምወደው ይህን መቀመጫ ነው።

አውግስጢኖስ በ430 አረፈ። የዝግጅቱ መንገድም በምዕራቡ ለብዙ ዘመን ተረስቶ ቆየ። በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ውሳኔ፣ በ1972 የወጣው የአዋቂዎች ክርስትና ሥርዓት መጽሐፍ መልሶታል፤ ምዝገባው በዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ጥምቀቱ በትንሣኤ ሌሊት።